በኮረኮንች የምትጎተት መኝታ

በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ከደርቢ ከተማ ተነስቶ የኪምበርሊን ምድረ በዳ የሚያቋርጠው የጊብ ሪቨር መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዚህ ውስጥ ብዙው አስፋልት አያውቅም። ዝናቡ አልፎ በጋው ሲገባ፣ መኝታና ማድቤት የተሸከሙ ትንንሽ ተሳቢዎችን ያስከተሉ መኪኖች ይተሙበታል። ሁሉም ግን ዳር አይደርሱም። አንዱ ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ማስኬጃ ብረት ተሰንጥቆ፣ ሌላው አሞርዛተሩ ዘይቱን ተፍቶ፣ ሌላው ጎማው ከነኩሽኔታው ወጥቶ መንገድ ዳር ይቀራል። ባለቤቶቹ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ «ምንም ጉድጓድ አልገባሁም እኮ!» እውነታቸውን ነው። ጉድጓድ ቀድሞ ይታያል፤ ሹፌር ደግሞ ያየውን ይፈራል፣ ይቀንሳል፣ ያልፈዋል። ተሳቢዋን የሚጨርሳት ሹፌሩ ያልፈራው ነው፤ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሞገድ እየሠራ ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍነው ጠጠር።

ሂሳቡን እንሥራው። ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው 75 ሴንቲ ሜትር አለ ብንል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ በአንዲት ሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ይመታል። 100 ኪሎ ሜትር ሲጨርስ 133 ሺ ጊዜ ተመትቷል ማለት ነው። አንዱም ምት ብቻውን ምንም አይሰብርም። ሲደመሩ ግን ብረት ይሰነጥቃሉ፣ ዳዶ ይፈታሉ፣ ሽቦ ይልጣሉ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ቲማቲም እንኳን ያፈሳሉ።

ስለነዚህ ተሳቢዎች የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በዕቃ ስም ይዋጣል፦ የትኛው ሞላ፣ የትኛው ማያያዣ፣ የማን ፋብሪካ። ሁሉም ዋጋ አለው፤ በየተራ እንደርስበታለን። እኔ ግን ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር የምወድቀው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ክብደቷ ስንት ነው? ጠንካራ የምትመስል ተሳቢና ብዙ ዓመት የምትኖር ተሳቢ አንድ አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ባላንጣዎች ናቸው።

የዘር ሐረጓ አንዱ ጫፍ የሚገኘው ጦር ሜዳ ላይ ነው። በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፔንሲልቬንያ፣ በትለር ከተማ የነበረው አሜሪካን ባንታም የተባለ ትንሽ የመኪና ፋብሪካ ለአሜሪካ ጦር የመጀመሪያዋን ጂፕ በ49 ቀን ውስጥ ሠርቶ አስረከበ። ውለታው ግን አልተቆጠረለትም። ጦሩ ትልልቁን ትዕዛዝ ለዊሊስና ለፎርድ ሰጠ። ባንታም 2,700 ገደማ ጂፖች ከሠራ በኋላ እጁ ላይ የቀረው ዋና ሥራ ጂፗ የምትጎትተውን የሩብ ቶን ተሳቢ መገጣጠም ሆነ፤ ከ70 ሺ በላይ ሠራ። ለማጽናኛ የተጣለለት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ያቺን ሳጥን ቀረብ ብሎ ያያት ሰው፣ ዛሬ ሰዎች በብዙ ገንዘብና በብዙ ብልሽት የሚማሩትን አብዛኛውን ነገር እዚያ ላይ ያገኘዋል። ባዶዋን 250 ኪሎ ገደማ ናት። ከመንገድ ውጪ እንድትሸከም የተፈቀደላት 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ብቻ ነው። በሁለት ጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋት ከጂፗ ጋር እኩል ስለሆነ ጂፗ በከፈተችው የጭቃ ፈለግ ትከተላለች። ጎማዋ የጂፗ ጎማ ነው፤ አንድ ስኮርታ ለሁለቱም ይበቃል። የምትያያዘው በቀለበትና በመንጠቆ ነው፤ ብትገለበጥ እንኳን መኪናዋን ይዛ አትገለበጥም። ወንዝ ሲያጋጥማት ደግሞ ትንሳፈፋለች። መኝታ የለባትም እንጂ ሌላው ሁሉ ተሟልቶላታል።

መኝታው የመጣው ከሌላ ወገን፣ ከአናጺዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ ሰዎች በየጓሯቸው፣ ከፊቷ ክብ ብላ ወደ ኋላ የምትሾል፣ ለሁለት ሰው መኝታ የምትበቃ ተሳቢ መሥራት ጀመሩ። ቅርጿ የእንባ ዘለላ ስለሚመስል ስሟም ያው ሆነ። መጠኗን የወሰነው የመሐንዲስ ጥበብ አልነበረም፤ ገበያ ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ 4 ጫማ በ8 ጫማ መሆኑ ነው። ስለዚህ የመኝታው ወለል 1.22 ሜትር በ2.44 ሜትር ሆነ፤ አንድ ጣውላ አንድ ወለል፣ አንድ ጣውላ አንድ ግድግዳ። ሜካኒክስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት በ1947 ንድፏን ሲያወጣ ከጦርነት የተረፈ አሉሚኒየም በርካሽ ይገኝ ነበርና፣ መዶሻ የያዘ ሁሉ ሠሪ ሆነ። ውስጧ ሰው አይቆምም፤ ይተኛል ብቻ። ማድቤቱ ከኋላ ክዳኑ ሲነሳ ይገለጣል፤ ቆሞ የሚያበስለው ሰው ደጅ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ትልልቆቹ ተሳቢዎች ገፍተው ከገበያ አስወጧት፤ በ1990ዎቹ እንደገና ተፈለገች።

አንድ ሦስተኛ ዘር አለ፤ ታሪኩ ስለሚያስቀኝ አላልፈውም። በ1968 በካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ሬይ ኦሌኮ የተባለ ሰው ቦለር የምትባለውን ባለ 13 ጫማ ተሳቢ ሠራ። ከሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች፣ እንደ እንቁላል ከላይና ከታች የተገጣጠመች ናት። ኦሌኮ ከዚያ በፊት ይደክምበት የነበረው የፋይበርግላስ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ነው። ሰው ሊተኛበት ያሰበው ነገር ከየት እንደመነጨ ለገዢዎቹ ይንገር አይንገር እንጃ፤ አስተሳሰቡ ግን ትክክል ነበር። ማዕዘን የሌለውና መገጣጠሚያው ያነሰ ዕቃ የሚያስገባው ውሃም፣ የሚላላው ነገርም ያንሳል። ያን ዘመን የተሠሩ ቦለሮች ዛሬም ይጎተታሉ።

አውስትራሊያውያን ደግሞ የጦሩን ሳጥን ወስደው በላዩ የሸራ ድንኳን አጠፉበት፤ ሲከፈት ቤት፣ ሲታጠፍ ሳጥን። ከዚያ ሜልቦርን ያለው ትራክ ትሬይለር ትቫን የምትባለውን፣ የእንባ ዘለላን ሐሳብ ለበረሃ ያላመደችውን ሠራ። የደቡብ አፍሪካዎቹ ኮንከረርና ኤኮም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። እነዚህ ሁሉ ሲሻሻሉ ከባድ ሆኑ። የሞቀ ውሃ፣ ሁለት ባትሪ፣ 100 ሊትር ውሃ፣ የሚሳብ የብረት ማድቤት ተጨመረ፤ 300 ኪሎ የነበረው 1,500 ኪሎ ገባ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ሞገዱ ራሱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቁ የሚጠቅመው ለመሐንዲስ ብቻ አይደለም። ኪት ማተር የተባለ ሳይንቲስት በ1963 ሳይንቲፊክ አሜሪካን ላይ እንዳስረዳው፣ ጎማ ትንሽ ጉብታ ሲያገኝ ይነሳል፤ ሲወርድ መሬቱን ይመታና አፈሩን ይገፋል፤ የተገፋው አፈር ለሚቀጥለው ጎማ ጉብታ ይሆናል። በ2007 ኒኮላ ታበርሌ፣ ስቲቨን ሞሪስና ጂም ማክኤልዌይን በሚሽከረከር የአሸዋ ማዕድ ላይ አንድ ጎማ እያንከባለሉ ሞከሩት። ሞላም አሞርዛተርም የሌለው ጎማ እንኳን ሞገዱን ይሠራዋል፤ አሸዋው ቢቀየርም ይሠራዋል። የማይሠራው ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን በታች ሲሆን ነው፤ በእውነተኛ መንገድ ይህ ወሰን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ ስለሌለ፣ ጠጠር መንገድ ሁሉ ቆርቆሮ መሆኑ አይቀርም። መንገድ ጠራጊው ግሬደር ዛሬ አልፎ ቢሆን፣ ከሳምንታት በኋላ ያው ነው።

የኛም ፒስታ ሹፌሮች የሚያውቁት አንድ ብልሃት አለ፤ ፍጥነት ጨምሮ በሞገዱ ጫፍ ጫፍ ላይ «መንሳፈፍ»። መኪናው በእርግጥ ይለሰልሳል። ጎማው ወደ ጉድባው ለመውረድ ጊዜ ያጣልና። ተሳቢ ላስከተለ ሰው ግን ይህ ብልሃት ሁለት ዕዳ አለበት። ጎማው አየር ላይ ከሆነ መሬት አልያዘም፤ ፍሬንም መሪም የሚሠሩት መሬት የያዘ ጎማ ሲኖር ነው። በዚያ ላይ መኪናውን ያለሰለሰው ፍጥነት፣ ሞላዋ ሌላ፣ ክብደቷም ሌላ ለሆነችው ተሳቢ ያው ፍጥነት ላይሆን ይችላል። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሙዚቃ ሲሰማ፣ ከኋላው ያለችው ስትዘል ታመሻለች።

ወደ ብረቱ እንግባ፤ ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ነው። አንድ የብየዳ ቤት ሄደህ «መጥፎ መንገድ የምትችል ተሳቢ ሥራልኝ» ብትለው፣ በያጁ መጀመሪያ የሚያደርገው ወፍራም ቱቦላሬ ማንሳት ነው። ከዚያ በየማዕዘኑ የላሜራ ማጠናከሪያ ይለጥፋል። አልፈርድበትም፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለሚታይ ነገር ነው። ግን ብረት በድግግሞሽ ሲደክም የሚከተለው ሕግ ሌላ ነው። በተበየደ ብረት ላይ የዕድሜውና የጭንቀቱ ዝምድና በኩብ ይሄዳል፦ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ጭንቀት በግማሽ ብትቀንሰው ስምንት እጥፍ ምት ይችላል። ጭነቱን በ20 በመቶ ብቻ ብታቀልለው እንኳን ዕድሜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው፤ በማጠናከሪያና በዕቃ ብዛት ክብደቷን ሲሶ ያህል የጨመርክባት ተሳቢ፣ ቀድሞ የነበሩት ደካማ ቦታዎቿ ከግማሽ በታች ዕድሜ ይቀራቸዋል።

ደካማው ቦታ ደግሞ የት እንደሆነ ይታወቃል። ከመኪናው ወደ ተሳቢዋ የሚመጣው ማስኬጃ ብረት የተሳቢዋን የፊት ጠርዝ የሚያገኝበት መስቀለኛ ላይ ነው፤ የመታጠፍ ኃይሉ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። አላዋቂ በያጅ እዚያው ላይ፣ በብረቱ ላይኛውና ታችኛው ፊት አግድም ይበይደዋል። ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ብየዳው ያለቀበት ጠርዝ ለስንጥቅ በር ይከፍታል፤ የጋለው ብረትም ባሕርዩ ተለውጧል። ያወቁት ሠሪዎች ማስኬጃውን እስከ አክስሉ ድረስ አስረዝመው ያስገባሉ፤ ብየዳውን ከታችና ከላይ ትተው በጎኑ በኩል፣ ኃይሉ ባነሰበት በብረቱ መሐል ቁመት ላይ ያሳርፋሉ፤ ማጠናከሪያ ካስፈለገም ጫፉን አሹለው እንጂ በድንገት ቆርጠው አይጨርሱትም። ይህ ሁሉ ብዙ ብር አይጨምርም። ወፍራም ብረት ግን ይጨምራል።

በሞላው ጉዳይ ሦስት ጎራ አለ። የመጀመሪያው ባሌስትራ ነው፤ ከጋሪ ጀምሮ የምናውቀው። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ራሳቸው ትንሽ ያረጋጋሉ፤ ስለዚህ ርካሾቹ ተሳቢዎች አሞርዛተር የላቸውም። ሁለተኛው የጎማ ገመድ አክስል ነው፦ በአንድ የብረት ቱቦ ውስጥ የጎማ ገመዶች ይጨመቃሉ፣ እነሱ ሲጠመዘዙ ሞላ ይሆናሉ። ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ግራሶ የማይፈልግ ነው። አክስል አልባው የካናዳው ቲምብረንም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች ለየብቻ በወፍራም የጎማ ሞላ ላይ ያስቀምጣል፤ መሐል ላይ አክስል ስለሌለ ድንጋይ በሆዷ ሥር ያልፋል። ሦስተኛው በረጅም ክንድ ላይ የቆመ፣ ጥቅል ሞላ ወይም የአየር ከረጢት ያለው፣ ጎን ለጎን ሁለት አሞርዛተር የተገጠመለት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ውድ ከሚባሉት ብዙዎቹ ይህን ይዘዋል።

ሦስተኛው የተሻለ እንደሚሄድ አልክድም። አሞርዛተር የሞገዱን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው፤ በአንድ ጎማ ሁለት ሲሆን ሙቀቱን ይካፈሉታል። በረጅም ቆርቆሮ መንገድ መጨረሻ ላይ አሞርዛተር እጅ አያስነካም፤ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ሥራውን ያቆማል፤ ተሳቢዋም ልጅ እንደሚያነጥራት ኳስ ትነጥራለች። ይሁንና በቤት ለሚሠራ ሰው የምመርጠው ባሌስትራን ነው፤ የመኪናው ዓይነት አሞርዛተር ታክሎበት። ምክንያቴ ጉዞው ላይ አይደለም፤ ብልሽቱ ላይ ነው። የጎማ ገመዱ አክስል ሲበላሽ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ሙሉው ይወርዳል፣ ሙሉው ይገዛል። ባሌስትራ ግን ሲሰበር ቅጠሉ ነው የሚሰበር፤ ቅጠል ደግሞ በዓለም ላይ ጋራዥ ባለበት ሁሉ አለ፤ በገመድና በእንጨት ታስሮም ቢሆን እስከሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል።

ማያያዣው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በዓለም ላይ ብዙ ቦታ የተለመደው 50 ሚሊ ሜትር ሉል ነው፤ የአሜሪካኖቹ 2 ኢንች ከሱ ጥቂት ይሰፋል። ለአስፋልት በቂ ነው። መኪናው ከጉድባ ሲወጣ ተሳቢዋ ገና ስትወርድ፣ ወይም አንዷ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ግን ሉሉ አንገቱ ላይ ይነክሳል፤ ከዚያ ወይ ይሰበራል ወይ ይወልቃል። የጦሩ ቀለበትና መንጠቆ ሙሉ በሙሉ ይዞራል፣ ግን ልቅነት ስላለው በየሞገዱ ይንኳኳል፤ የዚያን ድምፅ ሦስት ቀን የሰማ ሰው ያውቀዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ትሬግ የተባለው በብረቶቹ መካከል የፕላስቲክ ጡብ በማስገባት ድምፁን አጠፋው፤ ከሞላ አምራቾች የወጣው ክሩዝማስተር ዲኦ35 ደግሞ በሦስት አቅጣጫ እንደልቡ እየታጠፈ እስከ 3.5 ቶን ይጎትታል። መግዛት ለማይችል፣ ቀለበቱና መንጠቆው ዛሬም አያሳፍርም፤ ጥጥ በጆሮ ነው።

ሚዛን ግን መቆየት ይገባዋል፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ነውና። ተሳቢ ከአክስሏ ፊት ትንሽ መክበድ አለባት፤ አሜሪካኖች ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶው ማያያዣው ላይ ይረፍ ይላሉ። አውሮፓውያን ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል፤ የመንገዳቸው ፍጥነት ገደብም የመኪኖቻቸውም የመሸከም ልክ ያነሰ ነው። ለትንሽ ተሳቢ የሚለካው በቤት ሚዛን ነው፦ ሙሉ ጭነቷን እንደጫነች ማስኬጃዋን አንስተህ የሰው ክብደት በሚለካበት ሚዛን ላይ ማሳረፍ። 500 ኪሎ ከሆነች ከ50 እስከ 75 ኪሎ ማሳየት አለበት። ከኋላ ከከበደች ጅራቷን እያወዛወዘች መኪናውን ትገለብጣለች።

በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ይህን መወዛወዝ በሙከራ አጥንተውታል። ካገኙት ሁሉ ሰው የሚዘነጋው አንዱን ነው፤ ክብደቱ ከአክስሉ ምን ያህል እንደራቀም ለብቻው ይቆጠራል። ሁለት ጀሪካን በእንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥሎ የተሸከመን ሰው አስብ። ሚዛኑ ተጠብቋል፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ችግር የለም። ቶሎ ልዙር ካለ ግን ጀሪካኖቹ ይጎትቱታል፤ ልቁም ካለም አይቆሙለትም። ስኮርታ ጎማ ከኋላ በር ላይ፣ የጋዝ ሲሊንደርና መሣሪያ ከፊት የሰቀለች ተሳቢ ያ ሰውዬ ናት። ውሃው፣ ባትሪው፣ ምግቡ አክስሉ ላይ ይሁን። ትንሿ ተሳቢ እዚህ ላይ ጥቅም አላት፤ ከአክስሏ የሚርቅ ቦታ ራሱ የላትም።

ፍሬንን በተመለከተ ሕጎቹ ይለያያሉ፤ አውስትራሊያም አውሮፓም እስከ 750 ኪሎ ያለ ፍሬን ይፈቅዳሉ። ከዚያ በላይ ሲሆን ቀላሉ ዓይነት፣ መኪናው ሲቀንስ ተሳቢዋ ወደፊት በምትገፋው ግፊት የሚሠራው ፍሬን ነው። ሜዳ ላይ ጥሩ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሹፌሩ በማርሽ ሲይዝ ተሳቢዋ ሳታቋርጥ ስለምትገፋ፣ ፍሬኗም ሳያቋርጥ ይፈጫል፤ ይግላል፤ መጨረሻ ላይ ይጠፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ለሚወርድ ሰው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያዘቀዝቅ መንገድ ነውና ይህ የመማሪያ ጥያቄ አይደለም። ከመኪናው የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ከዚህ ያድናል። ከ750 ኪሎ በታች የሆነች ተሳቢ ደግሞ፣ መኪናው ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ከሆነ፣ በማርሽ ብቻ ትወርዳለች። አሁንም ክብደት ላይ ተመለስኩ።

ገላዋን ከምን እንሥራ? ኮምፔንሳቶ አሁንም ንጉሥ ነው፤ ጠላቱ ውሃ ነው። በሞገድ ሲናወጥ የማዕዘኑ ሲሊኮን ይከፈታል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ይገባል፣ ጠርዙ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጠርዙን ሁሉ በኢፖክሲ ማጠጣት እንጂ በቀለም መሸፈን አይበቃም። የአሉሚኒየም አጽም የሠሩት ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይደለም፣ ምንም ያህል ትንሽ ምት ቢሆን ብዛቱ ውሎ አድሮ ያደክመዋል፣ ብየዳው ላይ ደግሞ ቶሎ። በሪቬትና በማጣበቂያ የተያያዘው ይሻላል። ከሁሉ የሚማርከኝ የደሃ ሠሪዎቹ ፈጠራ ነው፦ ግድግዳውን ከቤት ሙቀት መከላከያ ፎም ይቆርጡና፣ ላዩን ሸራ በእንጨት ማጣበቂያ ለጥፈው የቤት ቀለም ይቀቡታል። እየቀለዱ «የደሃ ፋይበርግላስ» ይሉታል። ይተጣጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም፣ ሙቀትም ብርድም አያሳልፍም፤ ሲቀደድ በሸራና በሙጫ ይለጠፋል። ቆንጆ አይደለም፤ የቀለለ ነው።

አቧራ የራሱ ብልሃት አለው። የምትሮጥ ሳጥን ከኋላዋ አየሩ ይሳሳል፣ አቧራውም በየቀዳዳው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በሩን ምን ያህል ብታሽገው በሆነ በኩል መግባቱ አይቀርም። መፍትሔው መግቢያውን መዝጋት ሳይሆን ከላይ፣ ንጹሕ አየር ካለበት ጣሪያ ላይ፣ ወደፊት የሚያይ ማጣሪያ ያለው መስኮት መክፈት ነው። አየሩ እየገባ ውስጡን ይሞላዋል፤ ቀዳዳዎቹ ያን ጊዜ ወደ ውጪ ይተነፍሳሉ። ድንጋይም እንዲሁ የሚያስገርም ነው። የመኪናው ጎማ የወረወረው ጠጠር የተሳቢዋን ደረት መትቶ ተመልሶ የመኪናውን የኋላ መስታወት ይሰብራል። ሰው ከኋላው የመጣ ባለመኪና የወረወረበት ይመስለዋል። ደረቷ ላይ ጠጠሩን ወደ መሬት የሚመልስ ያዘነበለ መረብ ወይም የላላ ሸራ ማንጠልጠል ይበቃል።

ጎማና ኩሽኔታ ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። የመኪናህን ቸርኬ ለተሳቢዋም አድርግ፤ ሃይሉክስና የቀድሞዎቹ ላንድክሩዘሮች 6 ቡሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ስለሚይዙ ለዚህ የሚሆን የተሳቢ ሐብ በቀላሉ ይገኛል። ንፋሱን ግን እንደ መኪናው አትሙላ። ሁለት ቶን ተኩል ለሚመዝን መኪና የታሰበ 40 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ለ500 ኪሎ ተሳቢ ድንጋይ ነው፤ ሞላው ከመንቀሳቀሱ በፊት ተሳቢዋ ትዘላለች። ግማሽ ያህል ንፋስ ብዙ ጊዜ ከውዱ ሞላ የበለጠ ያለሰልሳል፤ ሲገዛም ነፃ ነው። ወንዝ ከመሻገር በፊት ቆም ማለት ያስፈልጋል። የጋለ ሐብ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በማኅተሙ በኩል ይስበዋል፤ ኩሽኔታው ከሳምንት በኋላ ሲጮህ ወንዙን ማንም አያስታውሰውም። ግራሶ የጠጣ አንድ ሙሉ ኩሽኔታ ከነማኅተሙ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ከሁለተኛ ስኮርታ ይቀድማል። በመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ላይ ወርዶ ዳዶዎቹን ማጥበቅም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ አድርጎ እንኳን የማይጎተትበት ቦታ አለ። አውስትራሊያውያን ሲምፕሰን በረሃን፣ ከ1,000 በላይ የሆኑትን ትይዩ የአሸዋ ክምሮች፣ ተሳቢ አስከትሎ መሻገርን አይመክሩም፤ 1,850 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የካኒንግ የከብት መንገድም እንዲሁ። መኪናው ጫፉ ላይ ሲደርስ ተሳቢዋ ገና ታች ትጎትታለች፤ ሹፌሩ ደጋግሞ ሲንደረደር መንገዱን ይቆፍረዋል፣ ለሚቀጥለው ሰውም ያበላሽበታል።

የኢትዮጵያ አስጎብኚ መኪኖች ድንኳኑንም፣ ጀሪካኑንም፣ የምግብ ሳጥኑንም ፖርቶ መጋላ ላይ ቆልለው ወደ ዳሎልም ወደ ሰሜን ተራሮችም የሚሄዱት ኋላ ቀር ስለሆኑ አይመስለኝም። በከፍታ ቦታ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 3,620 ሜትር ላይ ወዳለው ጨነቅ ሰፈር ሲደርስ ሲሶው የለም። በዚያ ጠባብ ዳገት መታጠፊያ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ቢያስፈልግ፣ አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ ትታጠፋለች፤ ሹፌሩ መሪውን ሳያርም መንገዱን ዘግታ ትቆማለች። ፖርቶ መጋላም የራሱ ችግር አለው፤ ጣሪያው ላይ የተጫነ 150 ኪሎ መኪናውን ከላይ ያከብደዋል፣ በየመታጠፊያው ያዘነብለዋል። ነገር ግን ሰፈር ላይ ድንኳኑን አውርዶ በባዶ መኪና ወደ ገደሉ መጠጋት ይቻላል። ተሳቢም ይህን ትሰጣለች፤ ነቅለህ ትተዋታለህ።

እንግዲህ ለኛ አገር አንድ ሰው ልሥራ ቢለኝ የማስበው እንዲህ ያለችዋን ነው፦ 4 በ8 ጫማ ወለል፣ የመኪናው ቸርኬና ስፋት፣ ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ፣ በጎን የተበየደ ረጅም ማስኬጃ፣ ቀለበትና መንጠቆ፣ ግድግዳዋ ፎምና ሸራ። ማድቤቷ ክዳኗ ሥር፤ ውሃዋ በሁለት ጀሪካን፣ አክስሉ ላይ። ባዶዋን ከ300 ኪሎ እንዳታልፍ። የዚህች ተሳቢ ዋናው ፈተና መንገድ ላይ የለም፤ የሚገጥማት እየተሠራች ሳለ፣ ባለቤቷ በየቅዳሜው ጋራዥ መጥቶ «እዚህ ጋ አንድ መሳቢያ ብንጨምርስ?» ሲል ነው። ሁለት ጎልማሶች ሆነው ማስኬጃዋን አንስተው፣ ሜዳ ላይ በእጃቸው ማዞር ካቃታቸው፣ መሳቢያው ይውረድ።